ሦስተኛው ሲሊንደር

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ መኪናን ያጋልጣል። አዋሽ መልካሳን አልፎ ዴራ እስኪደርስ ድረስ የማይሄድ መኪና የለም፤ ሜዳ ላይ ተደብቆ የከረመ ሕመም ግን ኢተያ ሳይደረስ ይወጣል። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። እናቴ አሰላ ስለምትኖር የእኛ መኪና የምትፈተነው ምርመራ ጣቢያ ሳይሆን እዚያ ዳገት ላይ ነው።

መኪናችን የጃፓን ሥራ ናት። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር፣ ቤንዚን፤ ልጆችንም፣ አያትንም፣ ከአሰላ የሚጫነውን የስንዴ ጆንያም አንድ ላይ የምትችል ኤስዩቪ። ሜዳው ላይ ምንም አልነበራትም። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስረግጥ ግን መንተፋተፍ ጀመረች፤ ጉልበቷ ከዳት፤ መሪው እጄ ላይ ተንዘፈዘፈ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሯ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ያዘች። እግሬን ቀለል ሳደርግ መብራቷ ብልጭታውን ትታ ቆማ በራች።

መኪና ላለው ሁሉ ይህን ልዩነት ማወቅ ይበጃል። ቆማ የምትበራ መብራት ቀጠሮ ትሰጣለች፤ በሳምንቱ ውስጥ ብታሳዩት ይበቃል። ብልጭ ድርግም የምትለው ግን ቀጠሮ የላትም። ያልተቃጠለ ቤንዚን ከሲሊንደሩ አምልጦ ወደ ጭስ ማውጫው እየገባ ነው፣ ጭሱን በሚያጣራው ካታላይዘር ውስጥም እየነደደ ነው ማለቷ ነው። ካታላይዘር ከልኩ በላይ ሲግል በውስጡ ያለው የሸክላ ወንፊት ይቀልጣል፤ የእሱን ዋጋ የጠየቀ ሰው ደግሞ የእሳት ማመንጫው የኮይል ዋጋ ስጦታ ይመስለዋል። ስለዚህ ብልጭታ ስታዩ እግር ማንሳት፣ ማርሽ መቀነስ፣ ቀስ ብሎ መሄድ፣ ከተቻለም መቆም።

ቀስ ብለን አሰላ ገባን። ምርመራው ቡና ላይ ተጀመረ። ባለቤቴ «ነዳጁ ነው፤ ውኃ የገባበት ቀድተውልን ነው» አለ። አጎቴ የነዳጅ ፓምፕ እንደሆነ ማሉ። የእሳቸው ልጅ ፊልትሮ አለ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ኢንጀክተር ማሳጠብ እንደሚያስፈልግ ጨመረ። እናቴ ብቻ «መኪናዋ ደክሟት ነው፣ ተዉአት» አለች። እያንዳንዱ ግምት ዋጋ አለው፤ የሚከፍለው ግን የገመተው ሰው አይደለም።

ጋራዥ ብንሄድም ከዚህ ብዙ አይለይም። ሞተር ሲንተፋተፍ መጀመሪያ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ካንዴላ ይቀየራል። ካልተሻለው ፊልትሮ፤ አሁንም ካልተሻለው ፓምፕ። በመጨረሻ የተቀየረውና ሕመሙ የቆመበት ዕቃ ጥፋተኛ ይባላል፤ ከእሱ በፊት በሰላም ሲሠሩ ተነቅለው የተጣሉት የት እንደገቡ ማንም አይጠይቅም። ይህን የምለው መካኒኮቻችንን ለመናቅ አይደለም። እጃቸው ከብዙዎቻችን ጭንቅላት በላይ ያውቃል። ችግሩ የሚከፈልበት ነገር ነው። ባለመኪናው ለዕቃ ይከፍላል፣ ለመግጠሚያ ይከፍላል፤ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ግን «ምን ሠራህና?» ይላል። የማይከፈልበት ሥራ ደግሞ አይሠራም። በኋላ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘውን ኮይል ራሴ ቤት ለመቀየር የወሰንኩት የእጅ ዋጋ ለማትረፍ አልነበረም፤ የእጅ ዋጋው ትንሽ ነው። መፈለጉ እንዲሠራ ስለፈለግሁ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። መሪው ሥር ያለችው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ ትንሽ ኮድ ማንበቢያ አለችኝ፤ ከመኪና ዕቃዎቼ ሁሉ ገንዘቧን የመለሰችው እሷ ናት። ሰካሁና አነበብኩ፤ ፒ0303 አለችኝ። በዚህ ዓይነት ኮድ የመጨረሻዋ አኃዝ የሲሊንደሩ ቁጥር ናት። ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ሁሌም ይገርመኛል። እሳቱን አያይም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ዓይን የለውም። የሚያውቀው የክራንክሻፍቱን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ዙር ብቻ ነው። በባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በየግማሽ ዙሩ አንዱ ሲሊንደር ይነዳና ዘንጉን ይገፋዋል፤ ተራቸውም 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። አንዱ ተራው ደርሶ ካልገፋ ዘንጉ ለቅጽበት ይዘገያል። ኮምፒውተሩ ያቺን መዘግየት ይለካና የማን ተራ እንደነበረ ያያል። አንደኛው ገፍቶ ቀጥሎ ግፊት ከጠፋ የቀረው ሦስተኛው ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድም ተማሪ ሳያይ የቀረውን በስም የሚጠራ መምህር ብሆን እወድ ነበር።

ይሁንና ኮዱ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሦስተኛው ሳተ ይላል እንጂ ለምን እንደሳተ አይናገርም። ካንዴላው አልቆ ይሆናል፣ ኮይሉ ሞቶ ይሆናል፣ ኢንጀክተሩ ተዘግቶ ይሆናል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተቆርጦ ይሆናል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሲሊንደሩ አየሩን የማመቅ አቅሙን አጥቶ ይሆናል። ብዙ ሰው «ኮምፒውተር አየው» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የዚያን ጊዜ ገና መጀመሩ ነው።

አዳማ ተመልሰን ኮፈኑን ከፍቼ ቆሜ ሳለ ጎረቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሴይቼንቶ ታክሲ ነድተዋል፣ በኋላ የአሰብን መንገድ በጭነት መኪና ተመላልሰውበታል። የተከፈተ ኮፈን አይተው ማለፍ አይችሉም።

«ምን ሆነች ልጄ?»

«ሦስተኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል! የካንዴላውን ገመድ ነቅለሽ ብረቱ ላይ አስጠጊና እሳቱን እዪው። ሰማያዊ ሆኖ ጠሽ ጠሽ ካለ ደህና ነው፤ ቀይ ከሆነ ቦቢናው ደክሟል።»

«የዚህች ገመድ የላትም ጋሼ። አራቱም ሲሊንደር የየራሱ ኮይል አለው፣ ካንዴላው ላይ ነው የሚቀመጠው።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «አራት ቦቢና? ለአንዲት መኪና?» ቀና አሉ። «እኛ በአንዱ አሰብ ደርሰን እንመለስ ነበር።»

የአሰቡ መኪና ናፍጣ ስለነበር ቦቢና እንደሌለው አልነገርኳቸውም፤ ያውቁታል፣ ወግ ለማሳመር ነው። በሴይቼንቶዋ ግን እውነት ነው። አንድ ቦቢና፣ የዛሬው ኮይል ማለት ነው፣ ነበራት፤ እሳቱን ዲስትሪቢውተሩ በተራ ለአራቱም በወፍራም ገመድ ያድላል። ያ አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ቦቢናው ሲሞት መኪናዋ ጭራሽ ትቆማለች፣ ማንም አይጠራጠርም። የእኛዎቹ አንዱ ሲሞት በሦስቱ እየተጎተቱ ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ።

ጋሼ ያሉት ፍተሻ በአሁኑ ኮይል ላይ አይሠራም፤ ጉዳትም አለው። ኮይሉ ከ12 ቮልት ባትሪ ተነስቶ ከ20,000 እስከ 40,000 ቮልት ይሠራል። ለዚያ ቮልት መውጫ መንገድ ካልሰጡት የራሱን መከለያ በስቶ ይወጣል፤ እዚያው ራሱ ላይ የተቀበረውን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያም ያቃጥለዋል። እጅ ካገኘ ደግሞ እጅን አይምርም። ይህን ስላቸው ጋሼ ሳቁና የግራ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። «ነክሶኝ ያውቃል» አሉ።

አሠራሩ ተማሪዎቼ ሲሰሙት የሚያዛጉበት ያው የኢንደክሽን ሕግ ነው፤ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው። የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። ከከተማችን ከአዳማ ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙት የንፋስ ተርባይኖች፣ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው ምዕራፍ 153 ሜጋ ዋት ተብለው ሥራ የጀመሩት፣ በዚሁ ሕግ ነው የሚሠሩት። ኮይሉ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ፤ አንደኛው ወፍራምና ጥቂት ዙር፣ ሁለተኛው ቀጭንና በሺዎች የሚቆጠር ዙር ያለው። ኮምፒውተሩ ወፍራሙ ላይ ለጥቂት ሺሕኛ ሰከንድ ኤሌክትሪክ ይለቅና ድንገት ይቆርጠዋል። መስኩ ሲፈርስ ቀጭኑ ጥቅል ላይ ያ ሁሉ ቮልት ይነሳል። እሳቱን የሚወልደው መልቀቁ ሳይሆን መቁረጡ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር የሚገባቸው ከአርባው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ኮይሉን ይዤ የገባሁ ዕለት ግን የኋላ ወንበሮች ሁሉ ወደፊት ተጠጉ።

ሥራው ስንት እንደሆነ ደግሞ ይታሰብ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር አንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንዴ ይነዳል፤ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ማለት ነው። በሰዓት 90,000። ይህን ሁሉ የሚሠራው የሞተሩ ራስ በሆነው ትኩስ ቴስታታ ላይ ተቀምጦ፣ በአዳማ ፀሐይ ነው። ሲግል እየሰፋ፣ ሲበርድ እየጠበበ፣ ሽቦውን የሚሸፍነው ሙጫ በዓመታት ብዛት ይሰነጠቃል።

ዳገቱ ለምን እንዳጋለጠው የገባኝ ከዚህ ነው። ካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችው ክፍተት ጠባብ ናት፤ በእኛ ሞተር 1.1 ሚሊ ሜትር። እሳቱ ያቺን ክፍተት ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልት እንደታመቀው አየር ብዛት ይለያያል። ሜዳ ላይ ነዳጅ ቀለል አድርጌ ስነዳ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ የደከመም ኮይል ይዘለዋል። ዳገት ላይ ስረግጥ ሲሊንደሩ በአየር ይሞላል፣ እመቃው ይበረታል፣ የሚፈለገው ቮልት ይጨምራል፤ ያኔ የተሰነጠቀው ኮይል እሳቱን በካንዴላው ሳይሆን በስንጥቁ አሳብሮ ወደ ቴስታታው ብረት ይለቀዋል። ባለቤቴ «ታዲያ ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ለምን መንገድ ላይ?» ብሎ ነበር። መልሱ ይኸው።

ጥፋተኛውን ለመያዝ የሚጠይቀው ባለ 10 መፍቻና ትዕግሥት ብቻ ነው። ኮይሎቹን ቦታ ማለዋወጥ። የሦስተኛውን ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ ሦስተኛው፤ ካንዴላዎቹን ሳይነኩ። ኮዱን አጥፍቶ መንዳት። ስህተቱ ሦስተኛው ላይ ከቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው፣ ሌላ ይፈለጋል። ወደ ሁለተኛው ከተዛወረ ግን ኮይሉ ራሱ ላይ መሰከረ። ለዚህ ፍተሻ አንድ ብር አይወጣም፤ ለዚያ ይሆናል ማንም የማይሠራው።

ሥራውን ሞተሩ አድሮ በበረደበት ጠዋት ጀመርኩ። መቸኮል የሌለበት እዚህ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ትኩስ እያለ ካንዴላ መፍታት ጥርሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ፣ የላስቲኩን ሽፋን አነሳሁ። ከዚያ ምንም ሳልነካ በፊት አቧራውን። አዳማ ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሞተሩ ላይ የተኛው አቧራ ቡናማ ዱቄት ነው፣ ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ቀጥሎ የሚገባው ሲሊንደር ውስጥ ነው። ጎሚስታ ቤት ያለው የአየር መንፊያ ቢኖር መልካም ነበር፤ እኔ የልጄን የብስክሌት ፓምፕ ተጠቀምኩ። ልጄ እየነፋ፣ እኔ በብሩሽ እየጠረግሁ።

ከዚያ ሶኬቶቹ። ሙቀት ያደረቀው ላስቲክ ነው፤ ጉልበት ከተጠቀሙ ምላሱ ይሰበራል፣ የተሰበረ ምላስ ያለው ሶኬት ደግሞ በመንገድ ንዝረት ይላቀቅና እንደገና ሞተር ያስታል። ምላሱን በአውራ ጣት ተጭኖ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ከዚያ ወደ ውጭ መሳብ። ኮይሉንም ቀጥታ አይጎትቱትም፤ ጎማው ካንዴላው ላይ ስለሚጣበቅ ግራና ቀኝ ትንሽ አዙሮ፣ ሲላቀቅ ማንሳት።

ኮይሎቹን አለዋውጬ፣ ኮዱን አጥፍቼ፣ ከከተማ ወደ ሞጆ በሚያስወጣው ዳገት ወጣሁ። ነዳጅ ረገጥሁ። ተንተፋተፈች። ዳር ይዤ ሳነብ ፒ0302። እንዲህ ደስ ብሎኝ የተበላሸ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።

ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ የቀረው ለምን ሞተ የሚለው ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም ይህን ነው። የሦስተኛው ጉድጓድ አፉ ላይ የዛገ ቀለበት፣ ውስጡ ነጭ የደረቀ የውኃ ምልክት ነበረው። ሌሎቹ ንጹሕ ነበሩ። ካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ደግሞ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዳለች፤ እሳቱ በውጭ በኩል ያበጀው አቋራጭ መንገድ ናት። ይህች መስመር አንዴ ከተሰመረች አትጠፋም፤ ኮይሉን ብቻ ቀይሮ ያንኑ ካንዴላ መመለስ አዲሱን ኮይል ለዚያው አቋራጭ መስጠት ነው። ስለዚህ ካንዴላዎቹ አራቱም ተቀየሩ።

ውኃው ከየት መጣ? ዝናብ አይደለም፤ ኮፈን አለ። የቦሎ ምርመራ ሲደርስ አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን አስቡ። መኪናዋ ላቫጆ ትገባለች፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ልጁ የውኃውን ጠመንጃ ይደግናል፤ ሞተሩ ሲያብረቀርቅ መርማሪውም ባለመኪናውም ደስ ይላቸዋል። የኮይሉ አናት ላይ ውኃ የሚከለክል ጎማ አለ፤ አዲስ ሲሆን ይከለክላል፣ በዕድሜ ሲደርቅ ግን በግፊት የመጣ ውኃ አልፎት ይገባና ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ሌላው የታወቀ ገዳይ ዘይት ነው፤ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ፣ ሲያረጅ ዘይት ወደ ጉድጓዱ ይንጠባጠብና የኮይሉን ጎማ ያሳብጠዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካያችሁ ጓርኒሲዮኑን ሳትቀይሩ ኮይል አትግዙ።

ግዢው ከሥራው ይከብዳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የሰማ ሰው ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ ይጠይቃል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ እንግዲህ ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው ማለት ነው፣ ዕቃ ፈላጊውም አይቀንስም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው የጋሼ ልጅ ኮይልም ካንዴላም የለበትም፤ ስንጨነቅ እያየ ፈገግ ይላል። ይሁንለት።

መለዋወጫ ቤቱ ውስጥ ሻጩ «ማነው የሚገጥመው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። ትንሽ አየኝና ባንኮኒው ላይ የነበረውን መልሶ ከጀርባ ሌላ ካርቶን አመጣ። ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ። ዴንሶና ኤንጂኬ የመሳሰሉት የታወቁ ስሞች ሐሰተኛ ቅጂ በየአገሩ ስላላቸው ካርቶኑን ማመን ዋጋ የለውም፤ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማመሳሰል ነው። ክብደቱን በሁለት እጅ፣ የላስቲኩን ስፌት፣ የጽሑፉን ጥራት፣ የሶኬቱን አገባብ። ሐሰተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይቀልላል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ኦሪጅናል የሚገዙም አሉ፤ አልነቅፋቸውም፣ ነገር ግን በዕድሜ የእኔኑ የሚያክል ኮይል መግዛት ዕጣ ማውጣት ነው።

«አንዱ ከሞተ አራቱንም ቀይር» የሚለው ምክር በብዛት ይሰማል። አመክንዮው መጥፎ አይደለም፤ አራቱም እኩል ሠርተዋል፣ ሌሎቹም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ኦሪጅናል ዕቃ በየሱቁ በሚገኝበት አገር እኔም እቀበለው ነበር። እዚህ ግን በሰላም የሚሠሩ ሦስት ኦሪጅናሎች ነቅዬ ማንነታቸውን የማላውቃቸውን ሦስት አዳዲሶች መግጠም ትርፉ አይታየኝም። የሳተውም በእርጅና ብቻ ሳይሆን በውኃ ነው፤ የሦስቱ ጉድጓድ ደረቅ ነበር። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ ለመግጠም፣ አንዱ ከመፍቻው ጋር መኪናዋ ውስጥ ለመጠባበቂያ። ቦታው ይታወቃል፣ መፍቻው አንድ ነው፣ ኢተያ ዳገት ላይም ቢሆን ይቀየራል።

መግጠሙ አጭር ነው። አዲሱን ካንዴላ በመፍቻ አይጀምሩትም፤ ጫፉ ላይ ቁራጭ ጎማ ቱቦ ሰክተው በጣት ያዞሩታል፣ ጥርሱን ከሳተ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ አሉሚኒየሙን አይቆርጠውም። እስኪቀመጥ በጣት፣ ከዚያ በመፍቻ ወደ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ፤ ጉልበተኛ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። የኮይሉ ጎማ ውስጠኛ ከንፈር ላይ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት፣ ቀጥ አድርጎ መጫን፣ ብሎኑን ከልክ በላይ ሳያጠብቁ ማሰር፣ ሶኬቱ ቀጭ ሲል መስማት። ባትሪው ሲመለስ ሬዲዮው ጣቢያዎቹን ረስቷል፣ ሞተሩም ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሲሠራ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና እስኪለምድ ነው፣ ይተዉት።

አሰላ ወጣን። ኢተያን ስናልፍ ባለቤቴ መብራቷን እንጂ መንገዱን አያይም ነበር። አልበራችም። «ነዳጁን ቀይረው ይሆናል» አለ።

ላቫጆ የሚሠራው ልጅ ባለፈው ኮፈኑን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ከለከልኩት።

«ሞተሩን አትንካው የኔ ወንድም። በጨርቅ እኔ እጠርገዋለሁ።»

«እትዬ፣ ቦሎ ደርሷል እኮ፤ በዚህ አቧራ አያሳልፏትም።»

«ቦሎው የፍሬንና የጭስ ነው፣ የሞተር ውበት አይደለም።»

ጠመንጃውን ወደ ጎማው አዞረ። ትንሽ አሰበና ከውኃው ድምፅ በላይ ጮክ ብሎ፣ «ዋጋው ግን አይቀንስም!» አለኝ።